ብርቱካናማው ገመድ

ቅዳሜ ማታ፣ ዊንተር ሄቨን፣ ፍሎሪዳ

ዛሬ ልጄ በብርቱካናማው ገመድ ስድስቱንም ኳሶች ዞረች። ውኃ ስኪ ማለት እግር ላይ በታሰረ ሰሌዳ ቆሞ፣ ገመድ ይዞ በጀልባ እየተጎተቱ ውኃ ላይ መንሸራተት ነው፤ ተወዳዳሪው ውኃው ላይ የሚንሳፈፉ ስድስት ኳሶችን ይዞራል። በውድድሩ የገመዱ ርዝመት በቀለም ነው የሚታወቀው፤ ቀዩ 16 ሜትር ነው፣ ብርቱካናማው 14.25፣ ቢጫው 13። ስድስቱን ሳይስት የጨረሰ ሰው ገመዱ ያጥርለትና እንደገና ይጀምራል። ኳሶቹ የታሰሩት ጀልባዋ ከምትሄድበት መስመር 11.5 ሜትር ርቀው ስለሆነ፣ 11.25 ላይ ሲደረስ ገመዱ ራሱ ኳሱ ዘንድ አይደርስም፤ የሚደርሰው ውኃው ላይ ተጋድሞ የተዘረጋው የሰው አካል ነው። ጀልባዋ ደግሞ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች።

ከውኃው ስትወጣ መዳፏ ውኃ ቋጥሮ ነበር፤ እርሷ ግን አላየችውም። «አባዬ፣ ቀጥሎ ቢጫው ነው!» አለችኝ። አቅፌ ሳምኳት። ወደ ቤት ስንመለስ ግን እየነዳሁ በልቤ የምደምረው ሌላ ነገር ነበር።

ሩብ ሰዓት ለማትሞላ አንዲት ልምምድ 55 ዶላር ከፈልኩ። አምና 45 ነበር። በሳምንት ሦስት ጊዜ ስትለማመድ 165 መሆኑ ነው፤ የውድድር መመዝገቢያ፣ ሆቴልና ቤንዚን ሳይጨመር። ስኪዋን ከሁለት ዓመት በፊት ያገለገለ ነው የገዛሁላት፤ አሁን አጥሯታል። አዲስ የካርቦን ስኪ ጫማው ሳይቆጠር ከ2,000 ዶላር በላይ ነው። እኔ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነኝ፤ ተጨማሪ ሰዓት በለመንኩ ቁጥር ልጄን የማይበት ቀን ይቀንሳል።

በነጻ ያህል ያስጀመሯት አዛውንቱ ጎረቤታችን ናቸው። ልጅ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1936 በተከፈተው በሳይፕረስ ጋርደንስ መናፈሻ የስኪ ትርኢት እያዩ ያደጉ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ20,000 ዶላር ባነሰ በገዟት ጀልባ የሰፈሩን ልጆች በቤንዚን ዋጋ ብቻ ይጎትቱ ነበር። ዘንድሮ ሞተሯ ሞተ። መካኒኩ የጠየቀው ከጀልባዋ ዋጋ በለጠ፤ አዲስ የውድድር ጀልባ ደግሞ ከ100,000 ዶላር በላይ ነው። ጎኗን በመዳፋቸው እየዳበሱ ሲነግሩኝ ዓይን ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ዛሬ ቤተሰብ የሚገዛው ሆዱ ውስጥ ውኃ ሞልቶ ትልቅ ማዕበል የሚያስነሳውን ጀልባ ነው። ልጄ የምትፈልገው ተቃራኒውን፣ ከኋላዋ ውኃውን ብዙ የማትረብሽ ጀልባ ነው፤ የእርሷ ገዢ ጥቂት ስለሆነ ዋጋዋ አይቀመስም። ያ ማዕበል ደግሞ የሕዝቡን ሐይቅ ያናውጠዋል፤ በተናወጠ ውኃ ላይ ኳስ መዞር ዘበት ነው። ስለዚህ ልምምዱ ወደ ግል ሐይቆች ሸሸ። ከቤቴ ደጃፍ አሥር ደቂቃ በእግር ሳልሄድ ሐይቅ አለ፤ ለልጄ ግን ጸጥ ያለ ውኃ የማገኝላት ከፍዬ ነው። ይህ ያናድደኛል።

ይህን ስፖርት እ.ኤ.አ. በ1922 የጀመረው ራልፍ ሳሙኤልሰን የተባለ የ18 ዓመት የሚኒሶታ ልጅ ነው። ሁለት ጣውላ ገዝቶ፣ ጫፋቸውን በእናቱ ድስት ቀቅሎ አጎበጠ፤ የቆዳ ማሰሪያ አበጀላቸውና ፔፒን ሐይቅ ላይ ወንድሙ በጀልባ ጎተተው። ድስቷን ደጋግሜ አስባታለሁ። የእናት ጓዳ ይበቃ ነበር።

መኪናው ውስጥ «ውድ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። «አንቺ ስለ እርሱ አታስቢ» አልኳት። ውሸት ነው፤ እያሰበች እንደሆነ ከድምጿ አውቄዋለሁ።

ነገ ከቅዳሴ መልስ እውነቱን እነግራታለሁ። እጅ አጥሮኛል፤ በሳምንት ሦስቱን ቀን ወደ አንድ እናወርደዋለን፤ የሩቁን ውድድር ዘንድሮ እንተወዋለን። ቢጫውን በዚያችው በአንዷ ቀን ትሞክረው።