መብራቱን ተዉትና መዝገቡን አሳዩኝ

ግንቦት 4 በመጣ ቁጥር የኛ የነርሶች ቴሌግራም ግሩፕ በአንዲት ሴትዮ ስዕል ይጥለቀለቃል። ነጭ ቆብ ያረገች፣ ኩራዝ ቢጤ የያዘች፣ ዓይኗን ሰበር ያረገች፣ ከስሯ ደሞ "መልካም የነርሶች ቀን፣ እናንተ ነጭ የለበሳችሁ መላእክት" ምናምን ተብሎ በአበባ ታጅቦ። ልደቷ ስለሆነ ነው ቀኑ የተመረጠው፣ የዘመናዊ ነርሲንግ እናት የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 1820 ነው ጣልያን ፍሎረንስ ከተማ የተወለደችው። እኔ ሴትዮዋን በጣም ነው ምወዳት፣ ስዕሉን ግን አልወደውም። መልአክ መባል ደስ ይላል ብላችሁ ነው? መልአክ እኮ ደሞዝ አይጠይቅም፣ ናይት አድሮ ጀርባውን አያመውም፣ ትርፍ ሰዓት አልተከፈለኝም ብሎ ፋይናንስ ቢሮ ደጅ አይጠናም።

በዛ ላይ ኩራዙም እሷ ይዛው የነበረው አይደለም። የያዘችው ቱርኮች ሚጠቀሙበት ታጣፊ ፋኖስ ነው፣ እንደ አኮርድዮን የሚተጣጠፍ። በቃ ሰዓሊዎቹ ያማረባቸውን ሳሉ፣ ስዕሉ አሸነፈ።

ወደ ዋናው ነገር ስገባ፣ ያኔ እንግሊዝ አገር ሆስፒታል ማለት ድሃ ሚተኛበት ነው፣ ሀብታም ሲታመም ሐኪሙ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። ነርስ ሚባሉትም ስማቸው የጠፋ፣ ሰካራም ናቸው እየተባሉ ሚታሙ ሴቶች ነበሩ (እውነት ስንቱ ሰካራም እንደነበረ እንጃ፣ ድሃ ሴትን ማማት ቀላል ነው)። የናይቲንጌል ቤተሰቦች ደሞ የተንደላቀቁ ናቸው፣ እሷ "ነርስ እሆናለሁ" ስትል ቤቱ ቀውጢ ሆነ። ይሄን ማንም የኛ አገር ነርስ ይገባዋል። ማትሪክ ውጤት መጥቶ ነርሲንግ ሲደርሳችሁ "ምነው ሜዲሲን ሳይሆን" ብላ ፊቷን ያጠቆረች አክስት የሌለው ካለ እጁን ያውጣ። ለማንኛውም ልጅቷ አልተበገረችም፣ ለዓመታት ደጅ የጠናትን ባል ሚሆን ሰውዬ እምቢ አለች፣ በ1851 ጀርመን ካይዘርስቬርት ሄዳ ፓስተር ፍሊድነርና ሚስቱ በ1836 ያቋቋሙት አስታማሚ ሴቶች የሚያሰለጥን ተቋም ውስጥ ለጥቂት ወራት ተማረች። ካቶሊክ አገሮች ውስጥማ መነኮሳት ከዛ በፊት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሽተኛ ሲያስታምሙ ኖረዋል፣ ስለዚ ማስታመምን እሷ አልፈጠረችውም። ማስታመምን ማንም አልፈጠረውም፣ ሰው ከታመመ ጀምሮ አለ።

ከዛ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቱርክ ከሩሲያ ጋር የተዋጉበት የክራይሚያ ጦርነት መጣ። የታይምስ ጋዜጣ ሪፖርተሮች ወታደሩ ያለ ፋሻ ያለ አስታማሚ እያለቀ ነው ብለው ሲጽፉ እንግሊዝ አገር ተንጫጫ፣ መንግስትም ናይቲንጌልን ከ38 ሴቶች ጋር ኢስታንቡል ማዶ እስኩታሪ ወደሚባለው፣ ሆስፒታል ወደተደረገው ትልቅ የጦር ካምፕ ላካት። ህዳር 1854 ሲደርሱ ዶክተሮቹ መጀመሪያ በሽተኛ አላስነኳቸውም። ቁስለኛው በመርከብ ሲጎርፍ ግን ምን ምርጫ አላቸው፣ ገቡ።

እዚህ ጋ ነው ታሪኩን ሁሉም አሳጥሮ "ገባች፣ አጸዳች፣ ሞት ቀነሰ" ሚለው። እንደዛ አይደለም የሆነው። እሷ እዛ እያለች በመጀመሪያው ክረምት ሞቱ ባሰበት እንጂ አልቀነሰም፣ የካቲት 1855 ላይ ከሚገባው በሽተኛ ወደ 42 በመቶው ይሞት ነበር። አስቡት፣ ምግቡ ተሻሽሏል፣ አንሶላው ታጥቧል፣ ሴቶቹ ሌት ተቀን ይሮጣሉ፣ ሰው ይሞታል። ህንጻው ራሱ የተቀመጠው በተደፈነ የፍሳሽ ቦይ ላይ ነበር። መጋቢት ላይ ከለንደን የሳኒቴሽን ኮሚሽን ሚባል ቡድን መጣ፣ ቦዩን አስጠረገ፣ ቆሻሻውን በጋሪ አስወጣ፣ ውሃውን አየ፣ አየር እንዲገባ አረገ፣ ሰኔ ላይ ቁጥሩ ወደ 2 በመቶ ወረደ። እንደኔ እንደኔ ለነርሶች ቀን አንድ አካፋ የያዘ ቦይ ጠራጊም ስዕሉ ላይ ቢኖር ደስ ይለኛል።

የሴትዮዋ ትልቅነት ለኔ የሚጀምረው ከዛ በኋላ ነው። ጦርነቱ አልቆ አገሯ ስትመለስ ጀግና ተብላ መቀመጥ ትችል ነበር። እሷ ግን ዊልያም ፋር ከሚባል የስታቲስቲክስ ሰው ጋር ሆና የሞቱትን ቁጥር መፈተሽ ጀመረች። የጦሩ መዝገቦች እርስ በርሳቸው አይገናኙም፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው አይደግመውም። እየለቀሙ ሲያስተካክሉት የወጣው ነገር አስደንጋጭ ነው፣ በጥይትና በሳንጃ ከሞተው ይልቅ በተቅማጥ፣ በታይፈስ፣ በኮሌራ የሞተው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይሄን ለባለስልጣን በሰንጠረዥ ብታቀርብለት እንደማያነበው ስለገባት በ1858 ከወር ወር የሚያሳይ ክብ ስዕል በቀለም ሰራችለት፣ በበሽታ የሞተው ሰማያዊ፣ ሰማያዊው ሌላውን ውጦታል። በዛው ዓመት የለንደን ስታቲስቲክስ ማህበር አባል ሆና ተመረጠች፣ የመጀመሪያዋ ሴት።

ቻርት ላይ፣ የበሽተኛው መከታተያ ወረቀት ላይ፣ ስጽፍ ስንት ጊዜ ነው የተቆጡኝ መሰላችሁ። "ሲስተር፣ ወረቀቱን ከምትሞነጫጭሪ እሱን አታዪውም?" አንዴ ናይት ተረኛ ሆኜ ኦፕራሲዮን ተደርጎ የወጣ ሰውዬ ነበር፣ ጋሼ ልበለው። ማታ 4 ሰዓት ላይ የልብ ምቱ 88፣ ደም ግፊቱ 120 በ80። 6 ሰዓት ላይ 104፣ ግፊቱ 110 በ70። እንዴት ነዎት ስለው "ተመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ፣ ሂጂ እረፊ" ይለኛል፣ ልጁ ከወንበሩ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ "እንቅልፉን አትረብሺው" እያለ ያጉረመርማል። 8 ሰዓት ላይ 118 ሆነ፣ ግፊቱ 95 በ60። ሰውዬውን ብቻ ብታዩት ምንም አይልም፣ ፋሻው ደረቅ ነው፣ ያወራል፣ ትንሽ ብቻ እጁ ቀዝቀዝ ብሏል። ሶስቱን መስመር ከላይ ወደ ታች ስታነቡት ግን አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይወርዳል። ተረኛውን ሐኪም ቀሰቀስኩት፣ ውስጥ እየደማ ነበር፣ ሳይነጋ ተመልሶ ኦፕራሲዮን ገባ። ልጁ በማግስቱ አቅፎ ሊስመኝ ምንም አልቀረው። እኔ ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፣ ወረቀቱ ነው የነገረኝ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ባይጻፍ ኖሮ 8 ሰዓት ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን ምን ያህል ይናገራል?

ሌላው ደሞ የመስኮት ጦርነት። ናይቲንጌል ከጦርነቱ ተመልሳ በጻፈችው ትንሽ መጽሐፍ ለነርስ የመጀመሪያው ነገር ብላ ያስቀመጠችው በሽተኛው የሚተነፍሰው አየር ሳይበርደው እንደ ውጪው አየር ንጹህ እንዲሆን ማረግ ነው። ይሄን አዲስ አበባ ላይ ሞክሩት እስቲ! ከፒያሳ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አስራ ምናምን ሰው ተጨናንቆ፣ አንዱ እየሳለ፣ መስኮት ትንሽ ገርበብ ብታረጉ ከኋላ "ኧረ ዝጉት፣ ብርድ ይመታናል!" ዋርድም ያው ነው። እኔ ጠዋት እከፍታለሁ፣ አስታማሚ ይዘጋል፣ እከፍታለሁ፣ እትዬ እንትና ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አርገው "ልጄን ልትገይው ነው?" ይላሉ፣ ዞር ስል ዘግተውታል። ኮቪድ ጊዜ ትንሽ ተሻሽሎ ነበር፣ አሁን ወደ ቦታው ተመልሷል። የሚገርመው ናይቲንጌል ራሷ መስኮት ያስከፈተችው በተሳሳተ ምክንያት ነው፣ በሽታ ከመጥፎ ሽታ ይመጣል ብላ ነበር የምታምነው፣ የጀርም ነገር ቶሎ አልዋጥ ብሏት ቆይቷል። ግን መስኮቱ ተከፈተ፣ ቆሻሻው ወጣ፣ ሰው ዳነ።

የናይቲንጌል የነርስ ትምህርት ቤት የመጣው ህዝቡ በስሟ ካዋጣው ወደ 45,000 ፓውንድ ነው። በ1860 ለንደን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ውስጥ ተከፈተ፣ መጀመሪያ የገቡት በጣት የሚቆጠሩ ሴቶች ናቸው፣ አንድ ዓመት ይሰለጥናሉ፣ ምግብ፣ መኝታ፣ ዩኒፎርም ከነ አጠባው፣ ላዩ ላይ በዓመት 10 ፓውንድ። ትልቁ ነገር ገንዘቡ ከሆስፒታሉ ኪስ አለመውጣቱ ይመስለኛል፣ ተማሪዋ ለመማር የመጣች እንጂ የሆስፒታሉ ርካሽ ጉልበት እንዳትሆን (በተግባር መሆኑ አልቀረም፣ የኛን አታችመንት፣ ተማሪ ሆነን ሆስፒታል የምንለማመድበትን፣ ያየ ያውቀዋል፣ አልጋ ስታነጥፊ፣ የላቦራቶሪ ናሙና ስታመላልሺ ትውያለሽ)። በየወሩ ስለ እያንዳንዷ ልጅ የሚሞላ ቅጽ ነበር። በአንድ በኩል ጠባይ፦ ሰዓት ማክበር፣ ዝምታ፣ ታማኝነት፣ ንጽህና። በሌላ በኩል ሙያ፦ ቁስል ማሰር፣ አልቅት ማስቀመጥ፣ ኢኒማ መስጠት፣ አልጋ ማንጠፍ። አልቅት! ከሎግ ቡካችን፣ ተማሪ የሰራው ከሚሞላበት ደብተር፣ የወጣው እሱ ብቻ ነው እኮ፣ ሌላው እንዳለ አለ። ከዛ የተመረቁት በየቦታው ተበተኑ፣ አግነስ ጆንስ ሊቨርፑል የድሆች ማቆያ ሄዳ እዛው በታይፈስ ሞተች፣ ሉሲ ኦስበርን በ1868 አምስት ነርሶች ይዛ ሲድኒ ወረደች።

ሜሪ ሲኮልንም ሳልጠራ አላልፍም። ጃማይካዊት ናት፣ ኮሌራ ማከም ከድሮም ታውቃለች፣ ለዛው ጦርነት ልሂድ ብላ ለንደን ደጅ ጠንታ አልፈለጓትም፣ በራሷ ገንዘብ ሄዳ ባላክላቫ አጠገብ ቤት ከፍታ ምግብም መድኃኒትም ሰጠች፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ከሰረች። ሐውልቷ ሴንት ቶማስ ግቢ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ዘገየ አይባልም?

እኛጋ ደሞ በሽተኛ ማስታመም የቤተሰብ ስራ ነው፣ አሁንም ነው፣ ዋርድ ውስጥ ከያንዳንዱ አልጋ ስር ፌስታልና ፔርሙስ ይዛ የምታድር እህት አለች፣ እሷ ባትኖር እኛ አንችለውም። ከዓድዋ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል መጥቶ ቁስለኛ አከመ፣ ምኒልክ ሆስፒታል ተከተለ፣ በራስ ተፈሪ ጊዜ ቤተ ሳይዳ ተከፈተ፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ የካቲት 12 ምንለው። የነርስ ትምህርት ቤት በወጉ የተጀመረው ግን ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው፣ በኛ አቆጣጠር በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ቀይ መስቀል እዛው ሆስፒታል ውስጥ። ከዛ በፊት ድሬሰር ነበር ሁሉን የሚሸፍነው፣ አያቶቻችን "ድሬሰሩ ወጋኝ" የሚሉት።

ከሁሉ ከሁሉ የምትገርመኝ ልዕልት ፀሐይ ናት። የንጉሰ ነገስት ልጅ! አባቷ እ.ኤ.አ. በ1936 ስደት ላይ ሆነው እንግሊዝ ሲኖሩ እሷ ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የህጻናት ሆስፒታል ገብታ ነርሲንግ ተማረች፣ በ1939 ጨረሰች፣ ከዛም ጋይስ ሆስፒታል ቀጠለች። ባለ ዘውድ ቤት ልጅ የሰው ሕፃን ዳይፐር ስትቀይር አስቡት፣ የናይቲንጌል ወላጆች ቢያዩ ምን ይሉ ነበር። ነጻነት ሲመጣ አገሯ ገባች፣ በ1942 አገባች፣ ነቀምት ሄደች፣ በዛው ዓመት ነሐሴ ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ አረፈች፣ ገና 22 ዓመቷ። አገር ውስጥ ነርስ ማሰልጠን የፈለገች ሴት በወሊድ ችግር! የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስባ በልዕልቷ ስም ሆስፒታል ተሰራ፣ በ1951 ተከፈተ፣ አሁን ጦር ኃይሎች የምንለው እሱ ነው። በየቀኑ ታክሲው "ጦር ኃይሎች ጦር ኃይሎች" እያለ ሲጠራ የልዕልቷን ስም ማን ያስታውሳል።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ላንሳ፣ ግሩፑ ውስጥ ስጽፈው ብዙዎቹ አላመኑኝም። ነርስ በመንግስት ይመዝገብ፣ ፈተና ይፈተን፣ ፍቃድ ይኑረው የሚለውን የተቃወመችው ማን መሰለቻችሁ? ናይቲንጌል ራሷ። ጠባይ በፈተና አይለካም፣ ዛሬ የተመዘገበች ከዓመታት በኋላ ምን እንደሆነች ዝርዝሩ አይነግራችሁም ነው ነገሯ። በሌላ በኩል ኤቴል ፌንዊክ የምትባል ሴትዮ ነበረች፣ ክርክሩን ለሠላሳ ዓመት አልለቀቀችውም፣ ነርስ ሕጋዊ መዝገብ ከሌላት ማንም ቀሚስ የለበሰ ነርስ ነኝ ይላል ባይ ናት። ኒውዚላንድ በ1901 ሕጉን አወጣች፣ እንግሊዝ 1919 ድረስ ጠበቀች፣ ናይቲንጌል ከሞተች ዘጠኝ ዓመት በኋላ ማለት ነው። መዝገቡ ሲከፈት ነርስ ቁጥር 1 ሆና የተጻፈችው ፌንዊክ ናት። እኔ በዚህ ከፌንዊክ ጋር ነኝ፣ ዲፕሎማውን ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ሰው መርፌ ይዞ ሲዞር አይቻለሁና። ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ፈተና ቀርቦ ተማሪዎቹ እንቅልፍ አጥተው ሲያነቡ፣ ወይ ፍቃድ ለማሳደስ የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ስልጠና) ሰርተፊኬት ፍለጋ ከኪሴ ከፍዬ አዳራሽ ውስጥ ስላይድ ሲነበብልኝ ስውል ግን፣ አሮጊቷ ናይቲንጌል ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም እላለሁ። ኮመንት ላይ ተሟገቱኝ፣ ነገ ኦፍ ነኝ።