በጣና ዳር የቦታ ስሞችን እንደ አነጋገራቸው መመዝገብ፦ እስካሁን የደረስኩበት

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ያሉ የቦታ ስሞችን ነዋሪዎቹ በአፋቸው እንደሚጠሯቸው መመዝገብ ከጀመርኩ ቆየሁ። ይበልጥ የማተኩረው ከአንድ በላይ የሆኑ ቦታዎች በሚጋሯቸው ስሞች ላይ ነው፤ አንዱ ስም በሁለት አካባቢ ሲነገር ጎን ለጎን ቢቀመጥ የአነጋገሩ ልዩነት ወዲያው ይሰማልና። ተመሳሳይ ሥራ በየአካባቢያችሁ ለያዛችሁ ይጠቅም እንደሆነ አካሄዴን ከነውጤቱ አካፍላለሁ።

«የዚህ ቦታ ስም ማን ይባላል?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ብዙም አያዋጣም። እንዲህ የተጠየቀ ሰው፣ በተለይ ፊደል የቆጠረ ከሆነ፣ ታፔላ ላይ የተጻፈውን ያነብላችኋል እንጂ ከጎረቤቱ ጋር ሲጫወት የሚለውን አይነግራችሁም። መንገድ መጠየቅ፣ ገበያው በየትኛው ቀን እንደሚውል መጠየቅ፣ ወንዙ ወዴት እንደሚፈስ መጠየቅ ይሻላል፤ ያኔ ስሙ በንግግር መካከል ሳይታሰብ ይወጣል። እኛ «ከባሕር ዳር» ብለን የምንጽፈውን አንድ የገጠር ሰው «ተባር ዳር» ብሎት ሲያልፍ፣ «ከ» በ«ተ» መተካቱንም «ሕ» መዋጡንም በአንድ ጊዜ ታገኛላችሁ። በመናኸሪያ ረዳቶች «ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ጎንደር!» እያሉ ሲጣሩ መቅረጽ ቀላል ስለሆነ ያጓጓል፤ ይሁን እንጂ ጩኸት የስሙን መጨረሻ ስለሚጎትተው ለዚህ ሥራ አስተማማኝ ምንጭ ነው ብዬ አላምንም።

እስካሁን ከመዘገብኳቸው ሁሉ ብዙ ያሠራኝ እንፍራንዝ ነው። ከባሕር ዳር በስተምዕራብ በዚህ ስም የሚጠራ ወንዝ ወደ ጣና ይገባል፤ ከላይኛው ተፋሰሱ ከሚፈልቁ ምንጮችም የከተማው የመጠጥ ውሃ ይሳባል። ከሐይቁ ማዶ ደግሞ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አዲስ ዘመንን አለፍ ብሎ፣ ተመሳሳይ ስም ያላት ከተማ አለች፤ ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. የነገሡት አፄ ሠርጸ ድንግል እንዳሠሩት የሚነገረው የጉዛራ ቤተ መንግሥት በዚያው አቅራቢያ ይገኛል። የዚህችን ከተማ ስም በጽሑፍ «እንፍራዝ»፣ «እምፍራዝ» እና «እንፍራንዝ» ተብሎ አግኝቼዋለሁ። በወንዙ በኩል ግን ከ«ዝ» በፊት ያለችው «ን» ጠንክራ ትሰማለች። በወራሚት በኩል አንድ አዛውንት ገበሬን «አባቴ፣ ይህ ውሃ የት ይገባል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እንፍራንዝ? ተጣና ነዋ፣ የት ይገባል ብለህ ነው ልጄ!» አሉኝ። ስሙን ሳልጠራላቸው እርሳቸው ስለጠሩት ይህን ቅጂ ከሁሉ አብልጬ እተማመንበታለሁ።

በ«እንፍራዝ» እና በ«እምፍራዝ» መካከል ያለውን ልዩነት በተመለከተ ግን ጆሮ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም። «ፍ» በታችኛው ከንፈርና በላይኛው ጥርስ የሚፈጠር ድምፅ በመሆኑ ከፊቱ ያለውን «ን» ወደራሱ ይስበዋል፤ ስለዚህ ተናጋሪው «ን» ሊል ቢያስብም ሰሚው «ም» ሊሰማ ይችላል። «ደምበጫ» እና «ደንበጫ»፣ እንዲሁም ከጣና በስተሰሜን ያለው አገር «ደምቢያ» እና «ደንቢያ» እየተባለ መጻፉ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ በእነዚህ ስሞች ላይ «ን»ን ወደ ከንፈር የሚስበው «ብ» ነው። እንዲህ ባሉት ስሞች ላይ ሁለቱንም አጻጻፍ እይዛለሁ እንጂ አንዱን ትክክል ሌላውን ስሕተት ብዬ አልፈርድም።

ቂርቆስ ሌላው ጥሩ ምሳሌ ነው። በአዲስ አበባ ክፍለ ከተማው በጽሑፍ ቂርቆስ ቢሆንም ሰፈሩን ሰው የሚጠራው ጨርቆስ ብሎ ነው። በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለውን የጣና ቂርቆስ ገዳምም ጣና ጨርቆስ የሚሉት አሉ፤ ከውጭ የመጡ ተጓዦችም በዚሁ አነጋገር ጽፈውታል። የቤተ ክርስቲያን ንባብ ግን «ቂ»ን ይጠብቃል። በመሆኑም አንዱ ሰው ስለ ስንክሳሩ ሲያወራ «ቂርቆስ»፣ ጀልባ ሲጠብቅ «ጨርቆስ» ሊል ስለሚችል፣ በማስታወሻዬ ላይ የተናጋሪውን ዕድሜና የትውልድ ቀበሌ ብቻ ሳይሆን ስሙ የተነሣበትን ጉዳይም መጻፍ ጀምሬአለሁ። የተናጋሪዎቹን ስም አልጽፍም።

የሐይቁ ስም ራሱ በቀደሙት ጽሑፎች «ጻና» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም በ«ጻ» ድምፅ ነው የጻፈው። ጾም «ጦም»፣ ጸሎት «ጠሎት» በሚባልበት አገር «ጻና» ወደ «ጣና» መሄዱ አያስገርምም። አፄ ኢያሱ ቀዳማዊ የተቀበሩባት ደሴትም እንዲሁ «ምጽራሐ» እና «ምጥራሐ» ትባላለች። የሚገርመኝ ይልቅ ጽሑፉ በሐይቁ ስም ላይ አነጋገሩን ተከትሎ ሲሄድ በደሴቲቱ ስም ላይ ግን ገና ሁለት ልብ መሆኑ ነው።

በገበያ ቀን የተሰየሙትን፣ ለምሳሌ ሐሙሲትንና ማክሰኚትን፣ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጌአቸዋለሁ፤ ገበያ በዋለበት ሁሉ ሊደጋገሙ ስለሚችሉ ራሳቸውን የቻሉ ሥራ ናቸው።

አጻጻፉን በተመለከተ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይለይ፣ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ አደርጋለሁ፤ «ዓባይ» ላይ ለምሳሌ ነጥቡ «ባ» ላይ ያርፋል። ሰው ሠራሽ ቢመስልም ነጥብ የሌለው መዝገብ ከጊዜ በኋላ ለራሴም አይነበበኝም።

ቀጣዩ ሥራዬ በጎርጎራ፣ በደልጊና በቁንዝላ በኩል ያለው ዳርቻ ነው። በጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም አለች፤ በሰሜን ሸዋም ደብረ ሲና የሚባል ከተማ አለ። የሸዋዎቹ ነዋሪዎች «ደብረ» እና «ሲና»ን ለያይተው ይሉት እንደሆነ ወይም እንደ አንድ ቃል ያያይዙት እንደሆነ ማነጻጸር እፈልጋለሁ። ከዚያ አካባቢ የሆናችሁ ብትቀርጹልኝ ደስ ይለኛል፤ ስትቀርጹ ስሙን ነጥላችሁ ሳይሆን «ወደ ደብረ ሲና እሄዳለሁ»፣ «ከደብረ ሲና መጣሁ» የሚሉትን ዓይነት ሙሉ ንግግሮች ያዙ።