አምስት ወር ፋሻ ስቀያይር

የእናቴ ቁስል ከግራ ቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሐኪሙ ምክንያቱ የደም መልስ ሥሮቿ መድከም መሆኑን ነግሮናል። እኔ ግን አምስት ወር ሙሉ ያሳደድኩት «የተሻለውን ፋሻ» ነው።

በደረቅ ጎዝ ጀመርኩ። ጠዋት ሳነሣው ተጣብቆ ይመጣል፤ ደም ይከተለዋል። እናቴ የአንሶላውን ጫፍ ጨብጣ «ቶሎ በል ልጄ» ትለኛለች። ቆሻሻ የማነሣ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሌሊቱን የበቀለውን ሥጋ ነው የምነቅለው። «ቁስል አየር ይፈልጋል» ሲባል ሰምተን አድገናል። ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር ግን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው የአሳማ ሙከራ፣ ተሸፍኖ እርጥበቱን የያዘ ቁስል ክፍት ከተተወው በእጥፍ ገደማ ፍጥነት ቆዳ እንደሚለብስ አሳይቷል።

ቀጥሎ ሃይድሮኮሎይድ የሚባለውን፣ እርጥበት ይዞ የሚቆይ ተለጣፊ ፋሻ ለጠፍኩ። በሦስተኛው ቀን ስገልጠው ቢጫ፣ ዝልግልግ፣ የሚሸት ነገር ወጣ። መግል ነው ብዬ ደነገጥኩ። ነርሷ በጨው ውኃ አጥባ ከሥሩ ቀዩን ጤናማ ሥጋ አሳየችኝ፤ ዝልግልጉ ፋሻው ራሱ ከቁስሉ ፈሳሽ ጋር ሟሙቶ ነው። ጥፋቱ ሌላ ነበር፦ የቁስሉ ዙሪያ ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ ጣት ነጥቶ ተሸብሽቧል። ፈሳሹ ለዚያ ፋሻ በዝቷል።

ስለዚህ ከባሕር አረም ወደሚሠራው አልጂኔት ወደሚባል ፋሻ ተሻገርን፤ ፈሳሹን ይጠጣል፣ ጄል ይሆናል፣ ሲነሣ አያምም። ማርም አምሮኝ ነበር። የወጥ ቤት ማር የባክቴሪያ ዘር ሊይዝ ስለሚችል ለቁስል የሚውለው በጋማ ጨረር የጸዳው ነው። እሱም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ የኒውዚላንድ ጥናት 368 የእግር ቁስል ሕሙማን ላይ ከተለመደው ፋሻ ጎልቶ አልበለጠም። ተውኩት።

እሁድ እሁድ የቁስሉን ርዝመትና ስፋት በማስመሪያ ለክቼ እጽፍ ነበር። ደብተሩን ኋላ ሳገላብጠው አፈርኩ። ቁጥሩ መውረድ የጀመረው አልጂኔቱ በገባበት ሳምንት ነው፤ በዚያው ሳምንት ግን ነርሷ የክንዷንና የቁርጭምጭሚቷን የደም ግፊት አነጻጽራ፣ ደም ወደ እግሯ በደንብ መውረዱን አረጋግጣ፣ ከጣቶቿ ሥር እስከ ጉልበቷ የሚጨምቅ ፋሻ ጠቅልላላት ነበር። የደም መልስ ቁስልን በዋናነት የሚያድነው ይህ ጫና ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስለጀመርን፣ የአልጂኔቱን ድርሻ ከደብተሬ መለየት አልችልም።

እናቴ ግን እስከ ዛሬ ለጠየቃት ሁሉ «በባሕር አረም ዳንኩ» ትላለች። የሚጨምቀውን ካልሲዋን በየማለዳው የማለብሳት እኔ ነኝ።