ከኩሮሳዋ ወደ ካውቦይ ፊልም፦ የሾት ቆጠራው የት ደረሰ?

የጃፓኑን ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋን ፊልሞች፣ ከእነሱ ከተቀዱት የምዕራባውያን ፊልሞች ጋር ሾት በሾት (ሾት፦ በሁለት ቁርጦች መካከል ያለ ያልተቋረጠ ምስል) እየቆጠርኩ ሳነጻጽር ቆይቻለሁ። የ«ሰባቱ ሳሙራይ» እና የ«ማግኒፊሰንት ሰቨን» የአንድ ለአንድ ፍልሚያ ተቆጥሮ ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቷል። «ዮጂምቦ» እና «ኤ ፊስትፉል ኦቭ ዶላርስ» ገና ግማሽ ላይ ናቸው። እስካሁን የተገኘውን ላካፍል፤ በተለይ ደግሞ ቆጠራውን ደጋግሞ የሚያበላሸውን ነገር። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መነሻውን ስለምታውቁት ባጭሩ ልለፈው። የ1954ቱን የኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» ጆን ስተርጅስ በ1960 «ማግኒፊሰንት ሰቨን» ብሎ ወደ ሜክሲኮ መንደር ወሰደው። የ1961ዱን «ዮጂምቦ» ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1964 «ኤ ፊስትፉል ኦቭ ዶላርስ» ብሎ ያለ ፈቃድ ሠራው፤ የጃፓኑ ፊልም ሠሪ ቶሆ ኩባንያ ከሰሰ፣ ነገሩ በስምምነት ሲያልቅ ከዓለም አቀፉ ገቢ 15 በመቶ ለጃፓኖቹ ሆነ። በ1958ቱ «ስውሩ ምሽግ» ውስጥ ያሉት ሁለት ነዝናዛ ገበሬዎች በ1977 «ስታር ዋርስ» ላይ ሁለት ሮቦቶች ሆኑ። ታሪክ ከታሪክ ማመሳሰሉ እዚህ ላይ ቢቆም ይሻላል። ጠበቆች የጨረሱትን ሥራ መድገም ምን ይጠቅማል?

ለቆጠራ የሚመቸው ጥንድ የኪዩዞ፣ ማለትም ከሰባቱ ሳሙራዮች የአንዱ፣ ፍልሚያ ነው። መጀመሪያ በዱላ ይገጥማሉ፤ ተጋጣሚው «እኩል ነን» ብሎ ሲደርቅ እውነተኛ ሰይፍ ይመዘዛል። በስተርጅስ ፊልም ላይ ጄምስ ኮበርን በቢላዋ፣ ባላጋራው በሽጉጥ ሆነው ያንኑ ሁለት ዙር ይደግሙታል። አወቃቀሩ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ የሞቱ አፍታ ላይ ነው፤ የኩሮሳዋ ተሸናፊ በስሎሞሽን (እንቅስቃሴው ዘግይቶ በሚታይበት ቀረጻ) ይወድቃል፣ የስተርጅሱ ግን በተለመደው ፍጥነት። ስሎሞሽኑ በአሜሪካ ፊልም ጎልቶ የመጣው በ1967 በአርተር ፔን «ቦኒ ኤንድ ክላይድ»፣ ቀጥሎም በ1969 በሳም ፔኪንፓ «ዘ ዋይልድ በንች» ነው። ስለዚህ ፈቃድ ገዝቶ የሠራው ስተርጅስ ታሪኩን ወሰደ፤ ዘዴውን የወሰዱት ሌሎች ናቸው። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ድካም የተገኘው ትልቁ ነገር ይኸው ነው።

አሁን ወደ ራስ ምታቱ። ስሎሞሽን የሚለካው ፍሬም (ፊልሙ የተሠራባቸውን ነጠላ ቋሚ ምስሎች) በመቁጠር ነው፤ ፊልሙ የተሠራው በሰከንድ 24 ፍሬም ሆኖ ሳለ እጃችሁ ላይ ያለው ቅጂ ግን 24 ላይሆን ይችላል።

የአውሮፓ ቴሌቪዥን ቅጂ በ25 ስለሚሄድ 4 በመቶ ገደማ ይፈጥናል። የ«ሰባቱ ሳሙራይ» 207 ደቂቃ 199 ይሆናል። ይህን አይቶ «ተቆርጧል» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ አልተቆረጠም። የእውነት የተቆረጡ ቅጂዎችም ስላሉ ሁለቱን ለመለየት ድምፁን ስሙ፤ የተዋናዩ የሚፉኔ ድምፅ ከለመዳችሁት ትንሽ ከቀጠነ ፍጥነቱ ነው። በዚህ ቅጂ የለካችሁትን ማንኛውንም ጊዜ በ1.042 አባዙት፣ ይበቃል።

የባሰው የአሜሪካው ዲቪዲ ነው። 24ቱ ወደ 30 ገደማ እንዲደርሱ 4 የፊልም ፍሬም ወደ 5 ይለጠጣል። በአግባቡ ካልተመለሰ ከየአምስቱ አንዱ ይደገማል፣ አለዚያም የሁለት ፍሬሞች ጥላ ተደርቦ ይወጣል። በተለመደው ፍጥነት ዓይን አይዘውም፤ ስሎሞሽን ስትቆጥሩ ግን ኩሮሳዋ ያላሰበውን ዝግታ ትጨምሩበታላችሁ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሰው የሚሮጥበት ቦታ ላይ አቁሙና በቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻ ሶፍትዌር) አንድ አንድ ፍሬም የምታሳልፈውን የ«ኢ» ፊደል ቁልፍ አሥር ጊዜ ያህል ተጫኑ። በየአምስቱ አንዴ ሯጩ ከቆመ ወይም አራት እግር ካወጣ ቅጂው ታማሚ ነው። ሃንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መለወጫ ሶፍትዌር ላይ «ዲቴሌሲን» የሚለው ማጣሪያ የተደገመውን ያወጣል፤ ጥላው ተደባልቆ የቀረውን ግን የሚያድነው የለም። ብሉሬይ ፈልጉ። «ለስላሳ 60 ፍሬም» እየተባለ የሚጫነውን ደግሞ ጭራሽ አትንኩት፤ ኮምፒውተር የፈጠረውን ፍሬም ነው የምትቆጥሩት።

ቅጂው ከተስተካከለ በኋላ መለኪያ ያስፈልጋል። ከ1 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ዕቃ መሬት ለመድረስ 0.45 ሰከንድ ያህል፣ ማለትም 11 ፍሬም ገደማ ይፈጅበታል። በፊልሙ 22 ፍሬም ከፈጀ ካሜራው በሰከንድ በ48 ፍሬም ዞሯል ማለት ነው። የሰውየውን አካል ግን አትለኩ፤ ቆሞ የሚገነደስ ሰው በነጻ ከሚወድቅ ዕቃ ይልቅ ይዘገያል፣ ስሌቱም ይሳሳታል። ከእጅ ያመለጠ ነገር ፈልጉ።

ሾቶችን በራሱ የሚቆጥር ሶፍትዌር ላይ ያለኝ እምነት ትንሽ ነው። ዝናብ ሲበዛ የሌለ ቁርጥ (ከአንድ ሾት ወደ ሌላው መሸጋገሪያ) ይቆጥራል። ኩሮሳዋ የሚወደውን ዋይፕ (አዲሱ ምስል በሚንቀሳቀስ መስመር አሮጌውን እየጠረገ የሚገባበትን) ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ዋይፕ ከ«ስታር ዋርስ» ጋር ለማነጻጸር ዋናው ማስረጃ ስለሆነ በእጅ መመዝገብ አለበት፦ መስመሩ የታየበት የመጀመሪያ ፍሬም፣ የጠፋበት ፍሬም፣ አቅጣጫው።

የሊዮኔው ጥንድ ላይ እስካሁን ግልጽ የሆነው ሌንሱ ነው። «ዮጂምቦ» የተቀረጸው ምስሉን ጨምቆ በሚይዝ የቶሆስኮፕ ሌንስ ነው፤ ኩሮሳዋ ደግሞ ከሩቅ ቆሞ በረጅም ሌንስ መሳብ ይወዳል፣ ሰዎቹም እርስ በርስ ተለጥፈው ይታያሉ። ሊዮኔ የተጠቀመው ቴክኒስኮፕ ርካሽ ነበር፤ በአንድ ፍሬም፣ በፊልሙ ጠርዝ ካሉት ቀዳዳዎች ከአራት ይልቅ ሁለት ስለሚወስድ የፊልም ጥቅሉን በግማሽ ይቆጥባል፣ ተራ ሌንስም ይበቃዋል። በጎን ስፋት ያንኑ ለማየት የቶሆስኮፕ 100 ሚሊሜትር ሲያስፈልግ እዚህ 50 ይበቃል። አጭር ሌንስ ጥርት ያለውን ጥልቀት ስለሚጨምር የቅርቡ ፊትም የሩቁ ሰውም አብረው ይጠራሉ። የሊዮኔን ፊቶች በ«ስታይል» ብቻ የሚያስረዱ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

የጃፓኑን ፊልም «ሌዲ ስኖውብለድ»ን (1973) ከታራንቲኖ «ኪል ቢል» ጋር እንድናይ የጠየቃችሁ አላችሁ። ታራንቲኖ ዘፈኑን ሳይቀር ወስዶታል፤ ምኑ ይቆጠራል?

ቀጣዩ የ«ሰባቱ ሳሙራይ» የዝናቡ ውጊያ ነው። ኩሮሳዋ በሦስት ካሜራ በአንድ ጊዜ ነው የቀረጸው፤ የትኛው ቁርጥ ከካሜራ ወደ ካሜራ፣ የትኛው ከሌላ ቀረጻ እንደመጣ መለየት ይቻላል። ከቁርጡ በፊት ያለውን የመጨረሻ ፍሬምና ከቁርጡ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ፍሬም ጎን ለጎን አድርጉ። የፈረሱ ኮቴ ያስፈነጠረው ጭቃ በሁለቱም ላይ አየር ላይ ከሆነና ቅርጹ ከተያያዘ፣ ያው አፍታ ነው። ሰውየውን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ተዋናይ እንቅስቃሴውን ይደግማል፣ ጭቃ ግን አይደግምም።