ጅማ ውስጥ የድሮ የዘፈን ወረቀት ስለቅም

የምሰበስበው ዘፈን የታተመበትን ወይም የተጻፈበትን ወረቀት ነው። የግጥም መጽሐፍ፣ ስለ ባህል ሙዚቃ የጻፈ የድሮ መጽሔት፣ የኪነት ቡድን ፕሮግራም፣ የካሴት ሽፋን፣ በእጅ የተገለበጠ ደብተር፤ ምንም አይቀረኝም። መስፈርቴ አንድ ነው፤ በጅማ ሰው እጅ ያለፈ ይሁን። አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ንጹሕ ንጹሑን መልቀም ይቻል ይሆናል። እሱ ደህና ኪስ ላለው ይሁን። መስፈርቱን ያወጣልኝ ኪሴ ነው፤ ስብስቡን መልክ ያስያዘውም እሱ ነው።

ዕቃው የሚገኘው መጽሐፍ ቤት አይደለም። እዚያ ያለው የትምህርት መጽሐፍና ልቦለድ ነው። የኔ ዕቃ ልዋጭ እያሉ የሚዞሩት ልጆች ማዳበሪያ ውስጥ አለ። ቤት ሲታደስ ከቆጥ በሚወርድ ካርቶን ውስጥም አለ። ሄርማታ መርካቶ ቅመም በሚጠቀለልበት የወረቀት ክምር ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ አለ። አንድ የመነን መጽሔት ያተረፍኩት በርበሬ ሊጠቀለልበት ሲል ነው። ሽፋኑ ሄዷል፤ ሆዱ ግን ደህና ነበር። ባለሱቋ “ወረቀት ከወሰድክ ወረቀት አምጣ” አለችኝ። ይኸው አንብቤ የጨረስኩት ጋዜጣ ሁሉ የእሷ ሆኖ ቀረ።

ከመክፈሌ በፊት ሁሌ “የማን ነበር?” ብዬ እጠይቃለሁ። ዋጋ ከተነጋገሩ በኋላ ከጠየቁ ሰው ይጠረጥራል፤ ዋጋውም ይሰቀላል። ቀድመው ከጠየቁ ግን ወሬ ይሆናል፣ ወሬ ደግሞ ቡና ያስፈላል። ጅማ ላይ ቡና ከተፈላ በኋላ የማይወጣ ካርቶን የለም።

ከሁሉ የምወደውን ደብተር ያገኘሁት እንዲሁ ቡና ላይ ነው። “የወንድሜ ነው፣ ተማሪ እያለ ከሬዲዮና ከካሴት እየሰማ የገለበጠው” አሉኝ የቤቱ እናት። ግጥሙ በሰማያዊ እስክሪፕቶ ነው፣ አዝማቹ በቀይ። አዝማቹ አንዴ ይጻፍና ከዚያ ወዲያ “አዝ” ብቻ ነው። ጆሮው ያልያዘለትን ቃል በነጥብ በነጥብ ትቶታል። አንዳንዱ ነጥብ ላይ በኋላ በሌላ ቀለም ቃል ገብቷል፤ ካሴቱን ደግሞ አግኝቶት ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ የሞላው ቃል ዘፋኙ ያለው አይደለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የእሱ ይበልጣል። እማማ ደብተሩን በገንዘብ አልሸጡልኝም። ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ፣ ለልጆቻቸው አንድ ጥራዝ አሳትሜ ሰጠሁና ዋናውን ወሰድኩ።

መንዙማ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ጅማ እንደ ወሎ የመንዙማ አገር ናት። በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ የመንዙማ ደብተር በየቤቱ አይጠፋም። እሱን ልግዛ ብዬ አፌን አልከፍትም። “ሼህ፣ ፎቶ ላንሳው?” እላለሁ። እሺ ካሉ እሳቸው እየገለጡ አነሳለሁ። እምቢ ካሉ ሻዬን ጠጥቼ እወጣለሁ።

ትልቁ ጨዋታ ዕድሜ ማወቁ ላይ ነው። ቀን የሚታተመው ሽፋን ላይ ወይም መጨረሻው ገጽ ላይ ነው፤ ቀድመው የሚቀደዱት ደግሞ እነሱ ናቸው። ስለዚህ አድራሻውን አያለሁ። “ከፋ ጠቅላይ ግዛት” ካለ የጃንሆይ ጊዜ ነው። “ከፋ ክፍለ ሀገር” ካለ ደርግ ነው። “ኢትዮጵያ ትቅደም” ካለበትማ ምን ያከራክራል። የኦሮምኛ ዘፈን በግዕዝ ፊደል ከሆነ ከ1984 ዓ.ም. በፊት ነው ብዬ እነሳለሁ፤ ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲኑ ፊደል፣ ቁቤ፣ የተመረጠው በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ነውና። በስቴንስል የተባዛ የአንድ ኪነት ቡድን ጥራዝ አለኝ። ጽሕፈት መኪናው ለኦሮምኛ ድምፅ የሚጻፈው “ዸ” አልነበረውም። ታይፒስቱ “ደ” እየመታ ሄዷል። ከዚያ አንድ ሰው በእስክሪፕቶ፣ ዸ መሆን በነበረበት ሁሉ ሰረዝ ጨምሯል። ሦስተኛው ዘፈን ድረስ በትዕግሥት ሠርቶ፣ ከዚያ ሰልችቶት ትቶታል።

የፈረንጅም አለኝ። የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን እ.ኤ.አ. በ1962 ኢትዮጵያ ሲገቡ ጊታር የያዘ አልጠፋም። በዚያ ሰሞን አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ ዘፈን ጊዜው ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ኒውዮርክ ይታተም የነበረው ‹ሲንግ አውት› መጽሔት ዜማውን በኖታ፣ የጊታሩን ኮርድ ከላይ አድርጎ ያወጣ ነበር። የኔው ቅጂ ከአንድ ጡረተኛ መምህር የመጣ ነው። ኖታው ሥር በእርሳስ “ዶ፣ ሬ፣ ሚ” ተጽፎበታል፣ በአማርኛ። ለኔ ዋጋው እሱ ነው።

አሁን ስለ እርጥበት። ጅማ ለወረቀት አትራራም፤ ዝናቡ ብዙ ነው። ፌስታል እርጥበት አፍኖ ያሻግታል፤ ካርቶን ይሻላል፣ ከመሬትም ከግድግዳም ራቅ ብሎ። የረጠበ ወረቀት ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ገጹ መሀል ነጭ ወረቀት እየገባለት ይደርቃል። የዛገ የስቴፕለር ሽቦ በደነዘ ቢላ ጫፍ ቀስ ብሎ ይነሳና ቦታው በጥጥ ክር ይሰፋል። የተቀደደን በፕላስተር መለጠፍ በፍጹም፤ ሙጫው ቆይቶ ቡናማ እድፍ ይሆናል። ብል ከገባበት ላስቲክ ውስጥ አሽጎ ሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት ነው። ሲወጣ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ላስቲኩ አይከፈትም፤ አለዚያ ወረቀቱ ያልበዋል። ፍሪዘሩ የእህቴ ነው። መጀመሪያ ጮኸችብኝ፤ አሁን መደርደሪያ ለይታልኛለች፣ ለበዓል ግን አስለቅቃኛለች።

ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር ብጣሽ ወረቀት አለች፦ ከማን፣ የት፣ ማን ይዘፍነው ነበር። የምጽፈው በእርሳስ ነው፤ የእስክሪፕቶ ቀለም ሲረጥብ ወደ ገጹ ይሄዳል። የኪነቱ ጥራዝ ብጣሽ ግማሹ ባዶ ነው። በዚያ ቡድን ክራር ይመታ የነበረ ሰው ጅሬን በኩል ይኖራል ተብያለሁ። ክረምቱ ሲወጣ እሄዳለሁ።