ከባሕሩ ወለል በታች

ቦስተን የሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም የጃፓን የእንጨት ህትመቶችን፣ ማለትም በተቀረጸ እንጨት ወረቀት ላይ የታተሙ ሥዕሎችን፣ ግድግዳ ላይ አያሰነብታቸውም፤ ብርሃን ቀለማቸውን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ቀድሜ ቀጠሮ ይዤ ከዋሽንግተን በባቡር ሄድኩ። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ፤ ሠራተኛዋ ሦስት ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋችልኝ።

ሦስቱ አንድ ላይ አንድ ሥዕል ናቸው። የጃፓናዊው ሠዓሊ የኮባያሺ ኪዮቺካ ሥራ ነው፤ ጃፓንና ቻይና በመስከረም 1894 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በቢጫ ባሕር ያደረጉትን ውጊያ ያሳያል። ከላይ መርከቦች በእሳት ይቃጠላሉ። ከታች ግን ሠዓሊው ባሕሩን እንደ ድፎ ዳቦ ቆርሶ ውስጡን አሳይቶናል፤ አንድ የቻይና መርከብ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ መርከበኞቹም ውኃው ውስጥ ተበትነዋል።

የዚያን ጦርነት ሥዕሎች ከሠሩት አብዛኞቹ ግንባር አልረገጡም። ቶኪዮ ተቀምጠው ጋዜጣ እያነበቡ ይሥሉ ነበር፤ ሥዕሉም ዜናው በተሰማ በቀናት ውስጥ ለገበያ ይወጣል። ኪዮቺካ ግን ብርሃንን ያውቃል። ከጦርነቱ በፊት ስሙ የታወቀው የቶኪዮን የጋዝ መብራትና የሌሊት ቃጠሎ በመሣል ነው። ያ ዓይን እዚህም አለ፤ እሳቱ ያምራል። ማማሩ ነው ያስጨነቀኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ወረቀቶቹ ለየብቻ ስለታተሙ የማዕበሉ መስመር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የፀጉር ያህል ይዛነፋል። ሠራተኛዋ አንዱን ገለበጠችልኝ። አታሚው በቀርከሃ ልባስ በተሸፈነ ክብ ማሻ ወረቀቱን ቀለም በተቀባው እንጨት ላይ ሲያሸው የእጁ ዙር ጀርባው ላይ ቀርቷል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው የእጅ ጉልበት።

የዚያን ጦርነት ሌሎች ሥዕሎች ቶሎ አለፍኳቸው። ጃፓኖቹ ጥቁር የአውሮፓ ዩኒፎርም ለብሰው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ቻይናውያኑ በደማቅ ልብሳቸው ይሸሻሉ፣ ይወድቃሉ። ይህን የመሰለ እጅ ለንቀት መዋሉ አናደደኝ።

ወዲያው የእኛ የዓድዋ ሥዕሎች ትዝ አሉኝ። ጃፓንና ቻይና ሰላም በተፈራረሙ በዓመቱ የሆነ ጦርነት ነው። ሠዓሊዎቻችን የራሳችንን ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ጠላትን በጎኑ በአንድ ዓይን ይሥላሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔ ከላይ በነጭ ፈረሱ ላይ ካለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ተነሥቶ አያውቅም። በባለ አንድ ዓይኖቹ ላይ ግን አንድም ቀን አላቆምኩም።

የቀረኝ ሩብ ሰዓት ነበር። ሠራተኛዋ የባሕሩን ሥዕል መልሳ እንድትዘረጋልኝ ለመንኳት፤ ከላይ ያለውን እሳት ትቼ የሰመጡትን አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ።