ባዶ የመሰለው ፍላሽ

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ከቢቸና ደብረ ማርቆስ ድረስ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ወንድምዓለም፣ መመረቂያ ጽሑፌ ጠፋ» ብላ ፍላሿን ሰጠችኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት ልታሳትም ሄዳ፣ ስትመለስ ፍላሹ ውስጥ ያገኘችው አንድ ሾርትከት ብቻ ነው። «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» ብለዋት ነበር፤ እንኳንም እምቢ አለች!

እኔ የምጠቀመው ኡቡንቱ ነው፤ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን የሊኑክስ ዓይነት ነው። ፍላሹን ሰክቼ ከፈትኩት። ከሾርትከቱ አጠገብ ስም የሌለው የሚመስል ፎልደር አለ፤ ገባ ስል ምዕራፎቿ በሙሉ እዚያው ቁጭ ብለዋል። ይሄ ቫይረስ ብዙ ጊዜ ፋይል አያጠፋም። አንድ ቦታ ሰብስቦ «የተደበቀ» የሚል ምልክት ያደርግባቸዋል እንጂ። ያንን ምልክት አይቶ የሚደብቀው ዊንዶውስ ነው፤ ሊኑክስ ግን የሚደብቀው ስሙ በነጥብ የሚጀምረውን ስለሆነ የቀረውን ሁሉ ያሳያችኋል፣ ለዊንዶውስ የተሠራው ሾርትከትም እዚህ አይነሳም። ስለዚህ እባካችሁ፣ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ሊኑክስ ያለው ሰው ፈልጉ።

አንዳንዴ ፍላሹ በራሱ አይከፈትም። ያኔ ተርሚናል የሚባለው፣ ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት ላይ ኤል፣ ኤስ፣ ቢ፣ ኤል፣ ኬ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል አያይዛችሁ ጻፉ። የተሰኩት ዲስኮች ይዘረዘራሉ፤ የናንተን በመጠኑ ትለዩታላችሁ፣ ባለ 16 ጊጋ ከሆነ 14 ወይም 15 አካባቢ ይላል። ስሙን ካወቃችሁ በኋላ በማውንት ትዕዛዝ ትከፍቱታላችሁ።

አወጣጡ ላይ ግን አደራ። ሊኑክስ ኮፒው አለቀ ቢላችሁም ከፋይሉ ከፊሉ ገና ሚሞሪ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ትልቅ ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ ፍላሹ ላይ ተጽፎ እስኪያልቅ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል፤ በዚህ መሀል ነቅላችሁ ብትወስዱት፣ ወይም ባትሪ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሆናችሁ መብራት እልም ቢል፣ የተበላሸ ፋይል ነው የምታገኙት። ኢጀክት የምትለዋን ተጫኑና ማውጣት ትችላላችሁ እስኪላችሁ ጠብቁ። በተርሚናል ከሆነ ትዕዛዙ ዩማውንት ነው፤ ዩ ካለ በኋላ ኤን የለውም፣ ብዙ ሰው እሷን እየጨመረ ነው የሚቸገረው።

ጽሑፏን ወደ እኔ ኮምፒውተር ገለበጥኩት። ፍላሹን ፎርማት ያደረግነው ከዚያ በኋላ ነው። ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ፊቷ ተመለሰ። አሁን አንዱ ቅጂ እኔ ጋ ነው፣ ሌላው ቴሌግራሟ ላይ።